ከቁልፍ ርክክብ በኋላ ያለው ሥራ

ሥራሽ ምንድነው ስባል የሪል እስቴት ሽያጭ ዳይሬክተር ነኝ እላለሁ፣ ከዛ ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፣ "ካሬው ስንት ገባ?" ጥያቄው ቅር አይለኝም፣ በዚ ከተማ ቤት የማያሳስበው ሰው የለም፣ ግን የካሬ ዋጋ መናገር የሥራዬ ትንሿ ክፍል ናት። ሰሞኑን ደግሞ ብዙ ልጆች ሴልስ መግባት እንፈልጋለን ምን እንዘጋጅ እያላችሁ በቴሌግራም ስለጻፋችሁልኝ፣ ለአንዱ በድምፅ ለአንዱ በጽሑፍ ከምመልስ አንዴ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር፣ እኛ አዲስ አበባ ላይ የምንሸጠው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ገና አልተሠራም። ሳይት ስትሄዱ የምታገኙት የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፣ ወይ ሁለተኛ ወለል ላይ የደረሰ ኮንክሪት ነው፣ ወይ በቆርቆሮ የታጠረ መሬት ነው። ገዢው ብሮሸር ላይ ያለውን ስዕልና የወለል ፕላኑን፣ ከዛ ደግሞ ፊቱ የተቀመጠችውን ልጅ አይቶ ነው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ብር ቅድመ ክፍያ ብሎ የሚያስገባው። ባንክ እንደልብ አያበድርም፣ ጎህ ቤቶች ባንክ በ2014 በቤት ብድር ላይ ላተኩር ብሎ ሥራ ጀመረ ብለን ስንደሰት 2015 ነሐሴ ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር እድገት 14 በመቶ ላይ ገደበው፣ ብድር ሊወስድ ተሰልፎ የነበረ ደንበኛ ሁሉ ተመልሶ ወደ ቁጠባው ነው የዞረው። ስለዚ ገንቢው ራሱ የገዢውን ብር በየደረጃው እየተቀበለ ነው የሚገነባው፣ መሠረት ሲወጣ ይሄን ያህል፣ ስትራክቸር ሲያልቅ ይሄን ያህል፣ ፊኒሺንግ ሲጀመር ይሄን ያህል። ይሄ ማለት ገዢው ከኛ ጋር ሦስት አራት ዓመት አንዳንዴም ከዛ በላይ አብሮ ይቆያል ማለት ነው። ፈርሞ ከቢሮ ሲወጣ ሥራው ገና መጀመሩ ነው።

እኔ የጀመርኩት ብሮሸር በመበተን ነው። ያኔ ቲክቶክ የለም፣ የቴሌግራም ቻናል የለም፣ ገና ሲደርስ ፋሲካ ሲደርስ ኤግዚቢሽን ማዕከል ባዛር ይከፈታል፣ እኛ ቲሸርት ለብሰን ከዶሮና ከቅቤ ገበያው መሀል ቆመን ስልክ ቁጥር በደብተር እንመዘግባለን። ከዛ ቢሮ ስልክ መመለስ፣ ከዛ ሴልስ፣ ከዛ ሱፐርቫይዘር እያልኩ ነው እዚ የደረስኩት። ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን ስልክ መመለሱ ነው። ለምን መሰላችሁ፣ ወደ ሪል እስቴት ቢሮ በብዛት የሚደውለው አዲስ ገዢ አደለም፣ "ቤቴ የት ደረሰ" የሚል ሰው ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተቆጥቶ ይደውላል፣ የሚቆጣው ግን ሥራው ስለዘገየ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ማንም ምንም ስላልነገረው ነው። ብረት ጠፍቶ ሥራ ቆሟል፣ ሲሚንቶ ተወዷል፣ እንደዚ በሚቀጥለው ወር እንጀምራለን ብትሉት ያዝናል ግን ይረዳችኋል፣ ስልክ ካላነሳችሁ ግን በቃ ተበላሁ ብሎ ነው የሚያድረው።

ለዛ ነው አሁን ቲሜ ውስጥ የማልደራደርበት ነገር ያለው። እያንዳንዱ ሴልስ በየወሩ የሸጠለትን ሰው በሙሉ ይደውልለታል፣ የሳይት ፎቶ ይልክለታል፣ በተለይ ሥራ የቆመ ጊዜ። ሥራው ሲሮጥማ ማንም ይደውላል። ሁለተኛ፣ "ዛሬ ካልፈረምሽ ነገ ዋጋ ይጨምራል" የሚባል አነጋገር እኛ ቢሮ የለም፣ ዋጋ የሚጨምርበት ቀን ከተወሰነ ቀኑ በጽሑፍ ይሰጣል፣ ካልተወሰነ አይወራም። ሦስተኛ፣ ከደንበኛ እጅ ካሽ መቀበል የለም፣ ብር የሚገባው በድርጅቱ ስም በተከፈተ አካውንት ብቻ ነው። አዲስ የሚገቡት ልጆች አብዛኞቹ ከዩኒቨርሲቲ በቅርብ የወጡ ናቸው፣ ደሞዛቸው ትንሽ ነው ኮሚሽን ላይ ነው የሚኖሩት፣ የቤት ኪራይ ደርሶባት ወር መጨረሻ ላይ አንድ ሽያጭ የምትጠብቅ ልጅ ምን ዓይነት ጫና ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ። ስለዚ ስነምግባር ብቻ ብዬ አልሰብካትም፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ደሞዙ ከፍ እንዲል አለቆች ጋር ተከራክሬ አስፈቅጃለሁ። የራበው ሰው ገዢን ያጣድፋል፣ የተጣደፈ ገዢ ደግሞ ውል አያነብም፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ያ ውል ክርክር ሆኖ ተመልሶ ይመጣል።

ማታ ማታ የሚደወሉት ስልኮች ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። ከአሜሪካ የሚደውለው ዲሲ ወይ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ከሥራ ሲወጣ ነው፣ እነሱ ብዙ ጊዜ ጠያቂ ናቸው፣ ቢጫ ካርድ ያለውም በ1994 በወጣው የትውልደ ኢትዮጵያውያን አዋጅ ምን መብት እንዳለው አውቆ ነው የሚደውለው። እኔ ልቤ የሚሰማው ከቤይሩት፣ ከሪያድ፣ ከዱባይ የሚደውሉት እህቶች ጋር ነው። አንዷ አሰሪዎቿ ከተኙ በኋላ ኩሽና ውስጥ ሆና በሹክሹክታ ነበር የምታወራኝ፣ ስቱዲዮ ነው የምትፈልገው፣ እናቷን ከኪራይ ቤት ማውጣት ነው ሀሳቧ። ውክልና ለወንድሜ ልላክ ስትለኝ ቁጭ ብለን ቃል በቃል ነው ያወራነው። ውክልና እዛ ኤምባሲ ወይ ቆንስላ ይሰጣል፣ እዚ መጥቶ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል፣ ከዛ ውልና ማስረጃ ይቀርባል፣ ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። የማይታወቀው ውክልናው ላይ ምን ቃል እንዳለ ነው። "መግዛት፣ መፈረም፣ መረከብ" የሚል ውክልና እና "መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ" የሚል ውክልና ሰማይና ምድር ናቸው። ወንድምሽን ብታምኚውም ለመግዣ የሚበቃውን ብቻ ስጪው አልኳት፣ መሸጫውን ቤቱ ሲያልቅ ከፈለግሽ ትሰጪዋለሽ። ይሄን ስነግራት ቤቱን አልሸጥኩላትም ነበር ገና፣ ገዝታ ግን እናቷ ቁልፍ ስትቀበል እዛው ነበርኩ።

ሰው ቤት ሲገዛ ለምን እንደሚፈራ ለመረዳት ትንሽ ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገው፣ ሰው አንድ መኖሪያ ብቻ ቀረለት፣ ኪራይ ቤቱ በከፊል ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር በከፊል ወደ ቀበሌ ሄደ። ከዛ በኋላ ለአስራ ምናምን ዓመት ቤት ሠርቶ መሸጥ የሚባል ሥራ አልነበረም። የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ በ1986 ወጣ፣ ከዛ በኋላ ነው በአያት በሲኤምሲ በኩል ቪላ የሚሸጡ ሪል እስቴቶች መታየት የጀመሩት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ኮንዶሚኒየም መጣ፣ በ2005 ለ10/90፣ ለ20/80 እና ለ40/60 ምዝገባ ሲከፈት ንግድ ባንክ በር ላይ የነበረውን ሰልፍ የማያስታውስ የለም። ከዛ ሰልፍ ዛሬም እየቆጠበ የሚጠብቅ ሰው አለ። መሀል ላይ ደግሞ ብር ሰብስበው ቤት ያላስረከቡ ድርጅቶች ነበሩ፣ ሰው በዛ ቆስሏል። ስለዚ አንድ አባት መጥተው ብሮሸሩን ገልብጠው ገልብጠው "የኔ ልጅ፣ እንዳታስበዪኝ" ሲሉኝ አይከፋኝም። ትክክል ናቸው። እኔ ማድረግ ያለብኝ ካርታውን አውጥቼ ማሳየት፣ የግንባታ ፈቃዱን ማሳየት፣ ውሉን ቤት ወስደው ለሚያምኑት ሰው እንዲያስነብቡ መስጠት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰው ጋር ውል ማንበብ የጀመርኩት ከዚ ተነስቼ ነው። የምኖርበት ሰፈር እድር አዳራሽ አለው፣ ሊቀመንበራችንን ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ለሁለት ሰዓት ይፈቀድልኝ፣ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ውሉን ይዞ ይምጣና እናንብብ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከየትኛውም ድርጅት ይሁን ግድ የለኝም፣ እዛ አዳራሽ ውስጥ የራሴን ድርጅት ቤት አልሸጥም፣ ብሮሸርም አልይዝም፣ ይሄን መጀመሪያውኑ ለአለቆቼ ነግሬ ፈቅደውልኛል። አሁን አንድ በጎ ፈቃደኛ ጠበቃም ይመጣል፣ ህግ ነክ የሆነውን እሱ ያየዋል እኔ ስለ ካሬና ስለ ክፍያ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አንዲት መምህርት ከባለቤቷ ጋር ውል ይዘው መጡ፣ 110 ካሬ ባለ ሁለት መኝታ ይላል። አዳራሹ ጥቁር ሰሌዳ ስላለው እዛ ላይ ጻፍነው። ውሉ ውስጥ "ጠቅላላ ስፋት" የሚል ቃል አለ፣ ያ ማለት ደረጃው፣ ሊፍቱ፣ ኮሪደሩ ሁሉ ተካፍሎ ውስጡ ገብቷል ማለት ነው። የጋራው 20 በመቶ ቢሆን ቤታቸው ውስጥ የሚገባው 88 ካሬ ነው። ሰውየው ወንበር ደርድሮ ሳሎኑን መሬቱ ላይ በጠመኔ አሰመረው፣ የሳሎን ሶፋቸው አይገባም። ይሄ ማጭበርበር አደለም፣ ብዙ ቦታ እንደዚ ነው የሚሸጠው፣ ግን ከመፈረም በፊት የተጣራው ስንት ነው ብሎ ጠይቆ በቁጥር ውሉ ላይ ማስገባት ይቻላል፣ እነሱም ሄደው አስገብተዋል። ከዛ ቀጥሎ ሁሌ የምናየው የማስረከቢያ ጊዜው ነው፣ ካለፈ ቅጣቱ ስንት ነው፣ ገዢው ክፍያ ሲያዘገይ የሚቀጣውና ገንቢው ሲያዘገይ የሚቀጣው እኩል ነው ወይ። ከዛ የዋጋ ማስተካከያ የሚለው አንቀጽ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ በባንክ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ፣ ይሄን አንቀጽ ሳያነቡ የፈረሙ ሰዎች ናቸው በጣም የተጎዱት፣ ቀሪ ክፍያቸው በዶላር ተሰልቶ ይከፈላል የሚል ነበር። ገቢያቸው ግን በብር ነው፣ ደሞዛቸው ያው ነው። ሌላው ምዝገባ ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት ይላል፣ በተለይ ከግለሰብ ቤት የምትገዙ ሰዎች በሽማግሌ ፊት ፈርመን ጨርሰናል ብላችሁ እንዳትቀመጡ። በ2017 አዲስ የሪል እስቴት አዋጅ ወጥቷል፣ የውጭ ዜጋም ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር አውጥቶ ቤት መግዛት የሚችልበት አዋጅ ወጥቷል፣ ዘርፉ ሕግ እያገኘ መሆኑ ያስደስተኛል፣ ውሉን ማንበቡ ግን አሁንም የገዢው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። ካስረከብናቸው ህንፃዎች በአንዱ ላይ ሰው በገባ በጥቂት ወሩ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንድ አባት አረፉ። ለሊት ነው፣ ልጃቸው የደወለው ለኔ ነው፣ ለምን ብትሉ ህንፃው ውስጥ የሌላ ሰው ስልክ አልነበረውም፣ ፊት ለፊታቸው ያለውን ጎረቤት ስሙን አያውቁትም። ስደርስ ሊፍቱ ሳጥን አያስገባም፣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ የለም፣ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ የለም፣ ውሀ የሚያፈላ የለም። ጥበቃዎቹና እኔ በር በር እያንኳኳን ሰው ቀሰቀስን። እውነት ለመናገር ሰው ወጣ፣ ማንም አልከለከለም፣ ከአራተኛ ፎቅ አንዲት እናት ጀበናቸውን ይዘው ወጡ፣ ስምንት የማይተዋወቁ ጎረምሶች ሳጥኑን በደረጃ ዘጠኝ ፎቅ አወረዱት፣ በየመታጠፊያው እየቆሙ እየተቀባበሉ። መኪና ማቆሚያው ተለቆ ድንኳኑ እዛ ተተከለ፣ ድንኳኑን የተዋስነው ከኛ ሰፈር እድር ነው።

ከአርባው በኋላ ነዋሪዎቹን ሰብስበን እድር ተመሠረተ። የባለቤቶች ማህበር አንድ ነገር ነው፣ እሱ በሕግም አለ፣ የ1995ቱ የጋራ ህንፃ አዋጅ ስለ ባለቤቶች ማህበርና ስለ ጋራ ወጪ ይደነግጋል፣ ማህበሩ ስለ ጀነሬተር ነዳጅና ስለ ሊፍት ጥገና ይነጋገራል። እድር ሌላ ነው። እድር ሲኖር ሰው ስም ይተዋወቃል፣ ማን ታመመ ማን ወለደ ይባላል፣ ጥሩንባ ነፊ ባይኖር በቴሌግራም ግሩፕ ይለፈፋል። አሁን ህንፃ ባስረከብን ቁጥር ከቁልፉ ጋር የእድር መመዝገቢያ አብሬ ነው የማዘጋጀው፣ መጀመሪያ የገቡት አስር ቤተሰቦች ሲሞሉ ስብሰባ እጠራለሁ፣ ሊቀመንበር ፀሐፊ ገንዘብ ያዥ ሲመርጡ እኔ እወጣለሁ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነው የሚመዘገበው። ወጣት ባለትዳሮች መጀመሪያ ላይ እድር የድሮ ሰው ነገር ነው ብለው ያመነታሉ፣ ልጅ ሲወልዱ ግን ገንፎውን ማን እንዳገነፋላቸው ያዩታል።

ይሄን ካየሁ በኋላ ዲዛይን ስብሰባ ላይ መግባት ጀመርኩ፣ ሽያጭ ምን ያገባዋል የሚል መሀንዲስ ነበር መጀመሪያ። ያገባዋል። የኮንዶሚኒየም ሳይቶችን ስታዩ የጋራ መጠቀሚያ ቤት ተሠርቶላቸዋል፣ በግ የሚታረድበት፣ ድግስ የሚበስልበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት። የግሉ አፓርታማ ላይ ግን ጂም አለ፣ ጣራ ላይ ካፌ አለ፣ እርድ የት ነው ስትሉ ዝም ነው። የፋሲካ ሌሊትና የዒድ አልአድሃ ጠዋት በጉ በሊፍት ወጥቶ ሻወር ቤት ነው የሚታረደው፣ ከዛ ቱቦው ይደፈናል፣ ከታች ያለው ጎረቤት ይጣላል። ምጣድም እንደዛው ነው፣ ኩሽናው ለኬክ ኦቨን ታስቦ መስመር ተዘርግቶለት ሁለት ሦስት ቤት ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ ሲጋግር ብሬከር ይወርዳል፣ ጭሱም መውጫ ያጣል። አሁን የምንሸጠው ህንፃ ምድር ቤት ላይ ውሀ መውረጃ ያለው ማረጃ፣ ሰፊ አዳራሽ፣ ለምጣድ የተለየ መስመር አለው። አዳራሹን ለማስገባት ሁለት ሱቅ ነው የተሰዋው፣ ባለሀብቶቹን ለማሳመን ጊዜ ወስዶብኛል፣ ያሳመናቸውም ስሜት ሳይሆን ሽያጩ ነው፣ እናቶች ሳይት ሲጎበኙ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ሆነ።

ከተማው ደግሞ አሁን በጣም እየተቀየረ ነው። ኮሪደር ልማቱ ከ2016 ጀምሮ ፒያሳን፣ ከዛ ካዛንቺስን ሲቀይር ብዙ ሰፈር ተነስቷል፣ ከካዛንቺስ የተነሳው ብዙ ሰው ገላን ጉራ ገብቷል። አዲስ ቤት ማግኘት ጥሩ ነው፣ እኔ የቤት ሰው ነኝ የጭቃ ቤት ይቆይ አልልም፣ ግን ሃምሳ ዓመት አብሮ የቀበረ እድር ግማሹ እዛ ግማሹ ሌላ ሳይት ሲሄድ ምን እንደሚጠፋ አይቻለሁ። የእድሩ ድንኳን፣ ድስቱ፣ ትሪው ለማን ይድረስ የሚለውን ለመወሰን ሽማግሌዎች ሲያለቅሱ ነበር። የኛ ቲም በዚ ላይ ማድረግ የቻለው ትንሽ ነገር ነው፣ የተበታተኑ አባላትን ስልክ አሰባስቦ ዝርዝር መሥራትና ለለቅሶ መኪና ማመቻቸት። የሽያጭ ሰው ስልክ መደወልና ዝርዝር መያዝ ያውቃል፣ በዛ ሙያችን ነው የረዳነው።

ክረምት ክረምት ደግሞ ቤት እድሳት አለ። በጎ ፈቃዱ በከተማው የታወቀ ነው፣ ብዙ ድርጅት ይሳተፋል፣ ባነር ይሰቀላል ፎቶ ይነሳል። እኔ የምለው ፎቶው ችግር የለውም ግን ቤቱን አስቀድማችሁ እዩት። ባለፈው የገባንበት የአንዲት እትዬ የቀበሌ ቤት የጣራው ቆርቆሮ ዝጎ ወንፊት ሆኗል፣ ኮርኒሱ የድሮ አቡጀዲ ነው፣ ውሀ አቁሮ ሆዱ ወደ አልጋው ወርዷል። ወጣቶቹ ወዲያው ቆርቆሮ ይቀየር አሉ፣ አናጢው ግን ወጥቶ ማገሩን በእጁ ሲነካው ዱቄት ሆነ፣ ምስጥ በልቶታል፣ አዲስ ቆርቆሮ ቢመታበት አብሮ ይወርድ ነበር። ስለዚ ማገሩና ወራጁ ተቀይሮ፣ ግድግዳው በጭቃና በጭድ ተመርጎ፣ ከዛ ነው ቆርቆሮው የተመታው፣ አንድ ቀን የታሰበው ሥራ ሳምንት ፈጀ። ሴልሶቹ ሂል ጫማቸውን አውልቀው ጭቃ ረገጡ፣ እትዬ ደግሞ ኧረ ተዉ ልጆቼ ቡና ጠጡ እያሉ ሲያባርሯቸው ዋሉ።

ዘንድሮ ዝርዝሩን ከእድሩ ጋር ሆነን እየያዝን ነው፣ ቤቶቹን ከሰኔ በፊት አናጢ ገብቶ ያያቸዋል፣ ዝናብ ከገባ ጭቃ አይደርቅም ቆርቆሮም ይወደዳል። አጠና፣ ሚስማርና ጭድ ማቀበል የምትችሉ ጻፉልኝ፣ ከደንበኞቼ መሀል ግንበኞችና ኤሌክትሪሻኖች አላችሁ እናንተንም እደውላለሁ። ውል ማንበቡ ቅዳሜ ከሰዓት እንደተለመደው ነው፣ የምትመጡ ሰዎች የውሉን ኮፒ ብቻ ሳይሆን የከፈላችሁበትን ደረሰኝና የወለል ፕላኑንም ይዛችሁ ኑ፣ ባለፈው ፕላን ያልያዙ ሰዎች ሁለቴ ተመላልሰዋል።